የስለሺ ግራ እጅ

ስለሺ በሰባ ስድስት ዓ.ም. ክረምት የጓንግን ወንዝ ከተሻገረ ወዲህ ግራ መዳፉ ደርቆ አያውቅም። የሱዳኗ ገዳሪፍ ፀሐይ አናት ይበሳል፤ የሱ እጅ ግን የያዘውን ጠመኔ ያቦካል። የስደተኞች መጠለያው ሐኪም ላብ ነው ብሎ አሰናበተው። ላብ እንዳልሆነ እሱ ያውቃል፤ ሆድ ይፍጀው አለ።

ዩኒቨርሲቲ የተማረውን ኬሚስትሪ አሁን በሳር ዳስ ሥር ለስደተኛ ተማሪዎች ያስተምራል። ሚስቱ አሰጋሽ ከተማሪዎቹ ኋላ ጥላው ሥር ተቀምጣ በሰፌድ የእርዳታ ማሽላ ትለቅማለች፤ ትንሿ ልጃቸው ሸጊቱ ጭኗ ላይ ተኝታለች። ታላቋ ማሬ ወንዙ ውስጥ ቀርታለች። አሰጋሽ ዕቃ ተሸክማ ቀድማ ስለተሻገረች አላየችም። ስለሺ ሁለቱን ልጆች በግራና በቀኝ ይዤ ስገባ ደራሽ ውሃው አንዷን ነጠቀኝ ብሏታል፤ እሷም የእግዜር ሥራ ነው ብላ አልቅሳ ተቀብላለች።

አንድ ቀን ሁለት መዳፎቹን ለተማሪዎቹ አሳየ። መልካቸው አንድ ነው፤ ቢደራረቡ ግን አይገጥሙም። አንዳንድ ውሁዶችም እንዲሁ ግራና ቀኝ አላቸው፤ አንደኛው መድኃኒት ሲሆን ሌላው ላይሆን ይችላል። ዝም ብለው ሲሠሯቸው እኩል እኩል ይወጣሉ፤ ተስማሚ ካታሊስት፣ ማለትም ለውጡን የሚያፋጥን ቅመም፣ ሲገባ ግን አንደኛው በርክቶ ይወጣል ሲል አስረዳቸው።

ሱዳን ያደገችው ሂያም እጇን አወጣች። "ኡስታዝ፣ የትኛው እንደሚወጣ ማነው የሚመርጠው? ዕድል ነው?"

"ዕድልማ ቢሆን እኩል ይወጡ ነበር። ካታሊስቱ ራሱ ግራ ወይም ቀኝ ሆኖ ነው የሚገባው። ምርጫው ገና ከመጀመሪያው..." አለና ቆመ።

የሰፌዱም ድምፅ ቆመ።

ተማሪዎቹ ሲበተኑ አሰጋሽ ሸጊቱን አዝላ መጣች።

"ማሬን በየትኛው እጅህ ነበር የያዝካት?"

"በግራዬ።"

ግራው በልጅነቱ ተሰብሮ የተጠገነ፣ ባልዲ እንኳ የማያነሣበት እጅ ነው። ይህን ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

"አሟት ነበር" አለ ስለሺ። "የምትተርፍ አልመሰለኝም። ገና ዳር ላይ ሳለሁ ነው ቦታ ያለዋወጥኳቸው።"

ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትመታው በወደደ። እሷ ግን ግራ እጁን ያዘች። መዳፉ እንደ ወንዝ ውሃ ቀዝቅዟል፤ ከጣቶቹ መሃል የማሬ ትንንሽ ጣቶች መልሰው ጨበጧት።

ይቅር አላለችውም። እጁን ግን እስኪመሽ አልለቀቀችም።