ተተኪ ያልተጻፈለት ማኅበር

ሜርል ትሬዊን ባሏን ኢቫንን የቀበረችው ዝናብ እምቢ ባለበት ክረምት ነው። በማኅበራችን ሚኒባስ ለኩላሊት እጥበት ከሚመላለሱት የመጨረሻው እሱ ነበር። ከሌሎቹ ገሚሶቹ ሞተዋል፤ የቀሩት ሆስፒታሉ ወዳለበት ከተማ ተጠግተዋል። በትንሿ የበረሃ ከተማችን በኮራዊል የምናመላልሰው ሕመምተኛ አጣን። ሕመምተኛ አጣሁ ብሎ ማዘን የሚያስቅ ነው፤ እኛ ግን አዘንን።

ማኅበሩን ያቋቋመችው ሜርል ናት፤ እኔ ጸሐፊ ነበርኩ። ልናፈርሰው አዳራሹ ውስጥ ስንሰበሰብ የእግር ኳስ ክለቡ አሠልጣኝ ጋቪንም መጣ። ሚኒባሱን ለክለቡ ልትሰጠው ቃል ገብታለት ነበር።

«ጎማው አዲስ ነው» አለችው ሻይ እየቀዳችለት። «ልጆቹን ለጨዋታ፣ አሮጊቶቹን ለሐኪም ትወስድበታለህ። ደግሞ እንደ ዕብድ እንዳትነዳው!»

«እማማ ሜርል፣ ከእርስዎማ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው!»

ተሳሳቁ። እኔ ግን የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ አንብቤው ስለመጣሁ ሻዬን አስቀመጥኩ።

«ሜርል፣ አይሆንም» አልኳት። «ማኅበሩ ሲፈርስ ንብረቱ የሚሄደው ተቆጣጣሪው ዘንድ ለተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት ብቻ ነው። የጋቪን ክለብ አልተመዘገበም።»

«ተቆጣጣሪው ደሞ ማነው?»

መነጽሬን አድርጌ ትርጓሜውን አነበብኩላት። «‹ተቆጣጣሪ› ማለት በሕግ የተቋቋመው ብሔራዊ የበጎ አድራጎት ኮሚሽን ወይም በማናቸውም ጊዜ እሱን የሚተካ አካል ነው።»

«ታዲያ ማን ያያል?» አለ ጋቪን። «ኮሚሽኑ እዚህ በረሃ ድረስ ሚኒባስ ፍለጋ ሊመጣ ነው?»

«ፈራሚዋ እኔ ነኝ» አለችው ሜርል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ዴስ፣ መጨረሻውን እስቲ ድገመው።»

«‹ወይም በማናቸውም ጊዜ እሱን የሚተካ አካል።›»

«አየህ፣ እሱ ቢሞት ተተኪ አለው። ለእኛስ ማን ጻፈልን?»



በማግስቱ ኮሚሽኑ ዘንድ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ደግ ነበረች፤ ሳትሰለች አስረዳችኝ። ስፖርት ብቻውን በሕጉ በጎ አድራጎት አይባልም፤ ክለቡ ላመልክት ቢል እንኳ ተስፋ የለውም። «አዝናለሁ» አለችኝ። ከልቧ መሰለኝ።

ሚኒባሱን ሆስፒታሉ አጠገብ ላለ የተመዘገበ ድርጅት ሰጠነው። እሱም ሕመምተኛ ነው የሚያመላልሰው፤ የተበደለ ሰው የለም። ሊወስደው የመጣው ሰውዬ ጨዋ ነበር። ሜርል ቁልፉን ሰጥታ፣ የኋላው በር ወደ ላይ ካላነሱት እንደማይዘጋ አሳየችው።

«ጎኑ ላይ ያለውን የማኅበራችሁን ስም በቀለም እናጠፋዋለን፤ ቅር እንዳይልዎት» አላት።

«ቀቡት» አለች።

ጋቪን አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ውስጥ ስንገናኝ በአንገቱ ብቻ ሰላም ብሎኝ ያልፋል።

መኪናው አቧራ ውስጥ ሲጠፋ ሜርልን «ነይ እኛ ቤት፤ ባለቤቴ የበግ ጥብስ ሠርታለች» አልኳት።

«አይ ዴስ። ይህን ሁሉ ዓመት ለሰው ስል ጎህ ሳይቀድ ስነሳ ኖርኩ። ነገ እተኛለሁ።»

በማግስቱ ቀትር ላይ በቤቷ በኩል ሳልፍ መጋረጃው አልተከፈተም። አንኳኳሁ። ቆይታ በሌሊት ልብሷ ወጣች።

«ምነው? አመመሽ?»

«እተኛለሁ አልኩህ'ኮ» አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።