ስድስት ቁራጭ ፕላስተር

ቴክኒሻኑ የሻይ ኩባያውን ሊጥል ቅርጫቱ ላይ ሲያጎነብስ ስድስቱን የፕላስተር ቁራጮች አያቸው። ከአንድ እስከ ስድስት በገዛ እጁ ቁጥር የጻፈባቸው ናቸው። ክው አለ። ዘሎ የሰርቨሩን ገመድ ነቀለው፤ ግን ስክሪኑ ላይ ያለው የዲስክ «ማስተካከያ» ቁጥር ዘጠና አራት ከመቶ ደርሶ ነበር። ምን ዋጋ አለው!

ሰርቨሩ ውስጥ ስድስቱን ዲስኮች አስማምቶ የሚያሠራው ካርድ ትናንት ተቃጥሏል። ቴክኒሻኑ ጠዋት ተመሳሳዩን ለጊዜው ተውሶ እስኪመጣ፣ የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ዲስኮቹን አውጥተው ፏ እስኪሉ ወለወሏቸው፤ ተራቸውን የሚያሳየውን ፕላስተርም «ምን ያጎድፈዋል» ብለው ላጡት። መሥሪያ ቤቱ በሌሉበት «እትዬ አቧራ» የሚላቸው በከንቱ አይደለም። እሱም ችኩል፣ ልብ ሳይል፣ እንዳቀበሉት ሰካቸው። ያ ደንቆሮ ካርድ ዲስኮቹን የሚለየው በተሰኩበት ቦታ ብቻ ነው። ተራቸው ሲዛባበት የተበላሹ መስሎት «ላስተካክል» እያለ ለሰዓታት ሲጽፍባቸው ቆየ። የሠላሳ ዓመት የልደትና የጋብቻ መዝገብ ድራሹ ጠፋ። ወረቀቱ አምና ተቆራርጦ ተጥሏል፤ «ከእንግዲህ አያስፈልግም» ያለውም እሱ ነው። ቅጂ አለ እንዳይባል፣ ቅጂው እዚያው ሰርቨር ላይ ነበር።

«እህሳ የኔ ልጅ፣ ተነሳልን?» አሉ እትዬ አቧራ፣ ጨርቃቸውን እንደያዙ ገብተው።

«አልተነሳም። መዝገቡ የለም፣ እትዬ።»

«በሞትኩት! ዘጠኝ ዓመት ከወረቀት ስገለብጥ ዓይኔን ያጠፋሁበት? በዚህ ወር ጡረታ ልወጣ፣ ምን ሠራሁ ልበል?» ከዚያ ድምፃቸው ቀነሰ። «እኔ ስወለውል የነካሁት ነገር ይኖር ይሆን እንዴ?»

ቅርጫቱን በእግሩ ጠረጴዛ ሥር ገፋው። «ኧረ እርስዎ ምን አደረጉ! ካርዱ ነው ጉድ የሠራን።»

«ተመስገን» አሉ፤ ወዲያው ግን ተቀምጠው አለቀሱ።

መዝገቡ መጥፋቱን ገና ያልሰማው አለቃው የግዢ ቅጽ ይዞ መጣ። «ሁለት ዓይነት ካርድ አለ። የሚያስተማምነውን ምረጥና ፈርም። አንደኛው ፈጣን ነው አሉ፤ እሱን እንውሰድ?»

«አይ፣ ሁለተኛው ይሁን። ዲስኮቹ ተራቸው ቢዘበራረቅ እንኳ እያንዳንዱን ለይቶ ያውቀዋል።»

«ደግሞ ማን ያዘበራርቃቸዋል?» ብሎ ሳቀ አለቃው።

እትዬ አቧራ ከለቅሷቸው ቀና አሉ። እጃቸው ያለውን ጨርቅ አዩት።

«እኔ» አለ ቴክኒሻኑ ቶሎ ብሎ። «ዛሬ አዘበራርቄ የሰካኋቸው እኔ ነኝ።»

«ካርዱ ነው አላልከኝም?» አሉ እትዬ አቧራ።

«አፍሬ ነው፣ እትዬ።»

«ዘጠኝ ዓመቴን!» አሉት። ተነሥተው ወጡ፤ ዞረውም አላዩት።

ሁለተኛው ካርድ ላይ ምልክት አደረገ። «የብልሽቱ ምክንያት» በሚለው ቦታ «የቴክኒሻኑ ስሕተት» ብሎ ጻፈና ፈረመ።