አንድ ዓይነት ምግብ አንበላም

ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሰው ፊቱን አረፋ ተቀብቶ፣ አንገቱን ለምላጭ ሰጥቶ ሲቀመጥ የልቡን ያወራል። ወደ እኔ ሱቅ የሚመጣው ግን ስለ ኳስ እንኳ ሳያነሳ የሚጠይቀኝ ነገር አለው።

«ልጄ ፓይለት ካልሆንኩ ብሎ ቁም ስቅሌን አሳየኝ። ሚስትህ ፓይለት ናት አሉ። እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ያዋጣል?»

«አገጭዎን ቀና ያድርጉልኝ» እላለሁ። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያረፈ ሰው ጥያቄ አይደግምም።

የማልመልሰው መልስ አጥቼ አይደለም፤ አንድ ጢም ተላጭቶ እስኪያልቅ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው።

ሚስቴ ረዳት አብራሪ ናት። ከፊት ካሉት ሁለት ወንበሮች በቀኙ የምትቀመጠው ማለት ነው። ግራው የካፒቴኑ ነው። ሰፈሩ ግን ይህን ልዩነት አያውቅም፤ እሷን «ካፒቴን»፣ እኔን «የካፒቴኗ ባል» ይለናል። ይህ ስም ያስወጣኝን እኔ ነኝ የማውቀው። ሽንኩርት ሻጯ ለሌላው ስትቀንስ ለእኔ አትቀንስም። «አንተ ደግሞ! ሚስትህ ደመና ላይ እየዋለች በሽንኩርት ትነዘንዘኛለህ?» ትለኛለች። አከራያችን ኪራይ ሊጨምር የመጣ ቀን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ኮፍያዋን አየና፣ አስቦት ከመጣው በላይ ጨምሮ ሄደ። በማግስቱ ኮፍያውን ቁምሳጥን ውስጥ ደበቅኩት። ምን ዋጋ አለው፣ አንዴ አይቶታል።

ደሞዟን ቢያዩት ሁለቱም ያፍሩ ነበር። በፒክአፕ ውኃ የሚያመላልሰው ጎረቤታችን ከእሷ የተሻለ ያገኛል። ትምህርቱ የጠየቀውን ገንዘብ የከፈሉት እናቷ ናቸው፤ ባላቸው የተዉላቸውን ቤት ሸጡና ሰጧት። አልበቃም። የቀረውን ኩባንያው ሸፈነላትና፣ በለውጡ ለዓመታት ሌላ ቦታ እንዳትሄድ አስፈረማት፤ ከየወሩ ደሞዟም ይቆርጥ ነበር። እኛ የምንኖረው ከሱቄ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። እማማ ደግሞ ትልቋ ልጃቸው ቤት ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ይተኛሉ። ቴሌቪዥን የሚያየው ሁሉ አይቶ እስኪነሳ ጎናቸውን አያሳርፉም። «ልጄ ሰማዩን በሙሉ ገዝታልኛለች፤ የጎደለኝ አልጋ ብቻ ነው» ይላሉ እየሳቁ። ቢያማርሩ ይሻለኝ ነበር። ሲስቁ ነው አንጀቴን የሚበሉት።

እንግዲህ ስለ ምግቡ ልንገራችሁ፤ ያለሱ የመጨረሻው አይገባችሁም።

በእነሱ ሥራ ካፒቴኑና ረዳቱ በረራ ላይ አንድ ዓይነት ምግብ አይበሉም። አንዱ ምግብ ተበላሽቶ ቢሆን ሁለቱ አብረው እንዳይታመሙ ነው። ሁለት ዓይነት ይቀርባል፤ ካፒቴኑ ያማርጣል፣ ረዳቱ የቀረውን ይበላል። ሚስቴ ስታገባኝ ይህን አመል ይዛብኝ ቤቴ ገባች። እኔ ሾርባ ስል እሷ ሩዝ ትላለች። እኔ ዓሣ ካልኩ እሷ ዓሣ አትነካም። በተጋባን ሰሞን ንቃኝ መስሎኝ ተቀይሜ ነበር። ኋላ ብጠይቃት ሳቀች።

«ታዲያ ሁለታችንም አንድ ላይ ከታመምን ማን ያስታምማል?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አልተቀየምኩም። እንዲያውም እቤታችን የምመርጠው እኔ ስለሆንኩ ካፒቴኑ እኔ ነኝ እያልኩ አበሽቃት ነበር። የምመርጠው ሁሉንም አይደለም፤ እንቁላል ከልጅነቴ ጀምሮ አልወድም። ስለዚህ እንቁላል ሁልጊዜ የእሷ ድርሻ ነው።

የፈረመችው ውል ባለፈው ዓመት አለቀ። በዚያው ሰሞን አብራት የተማረች ጓደኛዋ የመድን ድርጅት ውስጥ ሥራ አገኘችላት፤ የአውሮፕላን አደጋና ጉዳት የሚገመግም ክፍል ነው። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ማታ ቤት መግባት፣ ደሞዙም አሁን ከምታገኘው እጥፍ። መልስ የሚፈልጉት እስከ ሰኞ ነው። የካፒቴንነቱ ተራ መቼ እንደሚደርሳት ደግሞ አንድም ሰው አያውቅም፤ ከፊቷ የተሰለፈው ብዙ ነው።

ልቀቂ አላልኳትም። ይህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፤ አንድም ቀን አላልኩም። ግን ሜትር ይዤ ሱቅ ውስጥ እዞር ነበር። በመስኮቱ በኩል ሁለተኛ የፀጉር ወንበር ለማስገባት አስባለሁ፤ ተቀጣሪ ይዤ ትንሽ እፎይ ልል። እለካለሁ፣ ሜትሩን እጠቀልላለሁ፣ በረጅሙ እተነፍሳለሁ። በነጋታው እንደገና እለካለሁ። ቦታው ከትናንት ወዲህ አላደገም። እሷ ሸሚዟን እየተኮሰች ታየኛለች። ፊት ለፊት ከመናገር ይህ የባሰ መሆኑ ያኔም አልጠፋኝም።

ከመልሱ ቀን በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ «እንደው ሳላበርርህ ልቀር ነው?» አለችኝ። የሠራተኛ ቤተሰብ የሚሳፈርበት ርካሽ ትኬት አለ፤ ወንበር ከተረፈ ትገባለህ፣ ካልተረፈ ወደ ቤትህ። የሠርጌን ሱፍ ለብሼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ ሄጄ ስንቴ ተመልሻለሁ! የሰፈሩ ሰው «እንዴት ነበር ጉዞው?» ሲለኝ፣ «አጭር ነበር» እያልኩ አልፋለሁ። የዚያን ቀን ግን ወንበር ተረፈ። ከሁሉም ኋላ፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ።

ጉዞው ደህና ነበር። ልናርፍ ስንቃረብ ግን አውሮፕላኑ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዝ ጀመር። መሬቱ ቀረበ፤ የቤት ጣሪያ፣ አጥር፣ የተሰጣ ልብስ ሳይቀር አየሁ። ደረስን ስል ሞተሩ ጮኸና አፍንጫችንን ሽቅብ ቀስረን ተመልሰን ወጣን። ሰው ተንጫጫ። እኔ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው እጅ ይዤ ነበር፣ የማላውቀውን ሰውዬ። ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያው ንፋሱ እንዳልተመቸ፣ ዞረን እንደምንሞክር ተናገረ። ዞርን። ሁለተኛው ላይ እንዲያ ለስልሶ አረፈ፤ ማረፋችንን ያወቅኩት ሰው ሻንጣውን ሊያወርድ ሲነሳ ነው። ሰውዬው ያኔ ነው እጁን የተቀበለኝ።

እስክንመለስ ድረስ ከመንገደኞች ማረፊያው መስታወት ጀርባ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ተሳፋሪው ዘገየን እያለ እያጉረመረመ አለፈ፤ አንድም ሰው ወደ ኋላ አልተመለከተም። ውጭ ዝናብ ነበር። ሚስቴ አንጸባራቂ ሰደሪያ ደርባ፣ የእጅ ባትሪ ይዛ ወረደችና አውሮፕላኑን ለፍተሻ ትዞረው ጀመር። ጎማው ጋ ጎንበስ አለች፣ ሞተሩ ውስጥ አበራች፣ ሆዱ ስር ገብታ ወጣች። የክንፉ ጫፍ ጋ ስትደርስ ቆመችና ቀና ብላ አየችው። ዝናቡ ፊቷን ይመታታል፤ እሷ ፈገግ ብላለች። ለማንም አይደለም። እዚያ መኖሬን እንኳ አላየችም። በሠርጋችን ቀን ፈገግ ብላልኛለች፣ አልዋሽም፤ ግን ያኔ ፎቶ አንሺ ነበረ።

የተሰማኝ ቅናት ይሁን ኩራት ለይቼ ልነግራችሁ አልችልም።

ቤታችን ገብተን እግሯን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራ ስትቀመጥ ጠየቅኳት። «ያንን ያነሳው ማነው? ማለቴ ልናርፍ ስንል።»

«እኔ ነኝ። ማረፉ የእኔ ተራ ነበር።»

«ካፒቴኑ አልተቆጣሽም?»

«ለምን ይቆጣል? አንተ ሰው እየላጨህ ሰውዬው ሊያስነጥሰው ሲል ምን ታደርጋለህ?»

«ምላጬን አነሳለሁ።»

«እሱ ነው። ታነሳለህ፣ ትጠብቃለህ፣ እንደገና ትጀምራለህ። ነውር የለውም።»

ይህን ስትለኝ ድምፅዋ ውስጥ የሰማሁት ነገር ስለ ኪራይ ስናወራ ኖሮ አያውቅም። ፎጣውን አቀበልኳት።

እሑድ ማታ እራት ልጋብዝህ አለችኝ። ከሰፈራችን ደረጃ በታች ያለችውን ትንሿን ምግብ ቤት ሁለታችንም እንወዳታለን፤ አስተናጋጁ አመላችንን ስለሚያውቅ መጀመሪያ ወደ እኔ ነው የሚመጣው።

«ለእኔ ዓሣ» አልኩ።

ወደ እሷ ዞረ።

«ለእኔም እንደሱ» አለች።

አስተናጋጁ እስክሪብቶውን እንደያዘ አየኝ። እኔም አየሁት። «ዓሣ?» አላት።

«አዎ፣ ዓሣ። ሁለት አድርገው።»

እሱ ሲሄድ ናፕኪኑን ታጣጥፍ ጀመር። አራት ካደረገችው በኋላ ቀና አለች። «ነገ ጠዋት ደውዬ እሺ እላቸዋለሁ» አለችኝ። «ወሰንኩ። እማዬ የራሷ ክፍል ይኖራታል። አንተም ወንበርህን ትገዛለህ። በቃ፣ ሜትሩንም ለባለቤቱ ትመልሳለህ።» ሜትሩን የተዋስኩት ከአናጺው ነበር። ልትቀልድ ፈልጋ ነው፤ ድምፅዋ ግን አልታዘዘላትም።

ስጠብቀው የኖርኩት ነገር ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። «ጎበዝ» አልኩ፤ ከአፌ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። «ቅር አይልሽም?»

«ምን ቅር ይለኛል፣ ሥራ ነው» አለች። ናፕኪኑን መልሳ ዘረጋችው።

ዓሣው መጣ። ሁለት ሳህን፣ ሁለት ዓሣ፣ ሁለት ቁራጭ ሎሚ። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ጠረጴዛችን ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር አይቼ አላውቅም። እሷ ሹካዋን አነሳች። እኔም አነሳሁ። ሹካዋ ዓሣውን ሲነካ ሳይ፣ ዝናብ ውስጥ ቀና ብላ ያየችው ክንፍ መጣብኝ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ነገም ከነገ ወዲያም እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ እኔ የበላሁትን እየበላች፣ ምንም ሳትል እንዳትኖር ፈራሁ።

አስተናጋጁን ጠራሁት።

«ይሄን ውሰድልኝ» አልኩት። «ለእኔ ሌላ አምጣልኝ።»

«ተበላሽቷል እንዴ?» አለ ደንግጦ።

«አልተበላሸም። ደህና ዓሣ ነው፤ እሷ ትብላው።»

የሚስቴ ሹካ አየር ላይ ቀረ። «ምን ሆነሃል?»

«ማክሰኞ በረራ አለሽ አይደል?»

«አለኝ፤ ግን ነገ ከደወልኩ…»

«አትደውዪማ። ሁለታችንም አንድ ላይ ከታመምን ማን ያስታምማል?»

ቀስ በቀስ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እማዬስ?» አለች። «እማዬን ምን እላታለሁ? በእኔ የተነሳ ሶፋ ላይ ልታረጅ ነው?»

ይህንን መንገድ ላይም፣ እንቅልፍ አጥቼ ስገላበጥም ሳስበው ነበር የከረምኩት፤ መልሱን ያገኘሁት ግን እዚያው፣ ከአፌ ሲወጣ ነው። «ለወንበሩ የለካሁት ቦታ አለ አይደል፣ በመስኮቱ በኩል? አልጋ ይገባበታል። ደግሜ ደጋግሜ ለክቼዋለሁ፣ አይሳሳትም። ግድግዳ አቁመን በሩን በእኛ በኩል እናወጣለን። መስኮት ያለው ክፍል ነው፤ መንገደኛውን እያዩ ይውላሉ።»

«ወንበርህስ?»

«አንድ አለኝ።»

«አያዋጣም እኮ፣ ታውቃለህ አይደል?» አለች፤ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። «እኔ እኮ ጨርሶ አላዋጣም።»

«አውቃለሁ» አልኳት። «ዓሣሽ ቀዘቀዘ።»

አስተናጋጁ ተመልሶ መጣ። ሰዓቱ ስለመሸ ሌላው ሁሉ አልቋል፣ የቀረው እንቁላል ብቻ ነው አለኝ፤ ይቅርታም ጠየቀኝ።

«አምጣው» አልኩ።

አመጣው። እሷ ዓሣዋን እየበላች ስለ ማክሰኞው በረራ ታወራልኛለች፤ ጠዋት ጉም ሊኖር እንደሚችል፣ ካፒቴኑ ወሬኛ እንደሆነ። እኔ እንቁላሉን ጨው ነስንሼበት እስከ መጨረሻው በላሁት።