የሃምሳ አለቃው ፊሽካ

ሃምሳ አለቃ ወልደገብርኤል ከሚስቱ መደብ አንድ ቦሎቄ ከነሥሩ ነቅሎ ሲያይ ፊቱ በደስታ በራ። ሥሩን ትናንሽ እባጮች ወረውታል።

"በሽታ ነው!" ብሎ የግብርና ባለሙያዋን ሊያስጠራ ሮጠ።

ጡረታ ከወጣ ወዲህ ነገሌ ላይ፣ ከጦር ካምፑ ጀርባ ያለችውን ማሳ ከሚስቱ ከዓለሚቱ ጋር እኩል ተካፍለው ቦሎቄ ዘርተዋል። እሱ ዩሪያ ማዳበሪያውን እንደ ጉድ በተነ፤ እሷ እፍኝ እንኳ አልጨመረች። ውርርዳቸው ፊሽካው ነበር። ሃምሳ አለቃ ጎህ ሲቀድ ቤተሰቡን የሚቀሰቅሰው በፊሽካ ነው፤ ሰፈሩም ሳይወድ በግድ አብሮ ይነሣል። የእሷ ምርት ከበለጠ ፊሽካውን ያስረክባል፤ የእሱ ከበለጠ እሷ ስለ ፊሽካው ዳግመኛ አታጉረመርምም።

የእሱ ቦሎቄ ወገብ ደርሷል። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያደንቀዋል። ፍሬ ግን የለውም፤ የእሷ አጭር ቢሆንም እሸት አንጠልጥሏል። ሰሞኑን ማንም ሳይጠይቀው "ገና ነው፣ ገና ነው" ማለት አብዝቷል።

"አካም ጅርቱ? ናጋ?" እያለች፣ በኦሮምኛ ሰላምታ እየሰጠች፣ ባለሙያዋ ሀሚዳ ደረሰች።

"ናጋ ነው ልጄ። ይህን ጉድ እዪልኝ! ወደ እኔ ሳይዛመት የሷ በሙሉ ይነቀል ብለሽ እዘዢ።"

ሀሚዳ እባጩን በጥፍሯ ሰነጠቀችው። ውስጡ ቀላ ያለ ነው።

"ኧረ አባቴ፣ ይሄማ ጤንነት ነው! ናይትሮጅኑን ከአየር ስቦ ተክሉን የሚቀልበው ይሄ እባጭ ነው። እስቲ የእርስዎን ልየው።"

ነቀለችው። ሥሩ ላይ አንድም እባጭ የለም።

"ዩሪያ ስላጠገቡት ሥራውን ትቶ ቅጠል ብቻ አበቀለ።"

"ፍሬውስ?"

ሀሚዳ አዘነችለት። "ለፍየል ግን በጣም ጥሩ ነው" አለች።

ዓለሚቱ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል።

"ማርም ሲበዛ ይመራል። ደግሞስ ቀለቡ ተሰፍሮለት እያደረ ማን ይለፋል? ይህን ካንተ በላይ የሚያውቅ አለ?" አለችው።

ሃምሳ አለቃ እርር እያለ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ሰጣት። በዚያ ምሽት ሰፈርተኛው ሁሉ ወሬውን ሰምቶ፣ ነገስ እስኪበቃን እንተኛለን ብሎ ተኛ።

ጎህ ሲቀድ ፊሽካው ከወትሮው በእጥፍ ጮኸ።

"ተነሥ! ቦሎቄ ለቀማ!" ዓለሚቱ በር ላይ ቆማለች።

"ዝም እንዲል አልነበር እንዴ የተወራረድነው?"

"እንድታስረክበኝ ነው የተወራረድነው።"

ሃምሳ አለቃ ብርድ ልብሱን ወደ አፍንጫው ሳበ። ከዚያ ተነሥቶ ጫማውን አጠለቀና ዘንቢል ይዞ፣ የራሱን መደብ ቀና ብሎ ሳያይ፣ ወደ እሷ መደብ ገባ።