የማይሆን ድራይቨር

ሰው በአንድ ጭረት ይሻራል? እኔ ተሽሬያለሁ። የድርጅቱን ቶዮታ ከግቢው በር ጋር አፋትጎ ጫረ ተብዬ፣ እዚያው በር ላይ ዘበኛ አደረጉኝ። የላፍቶ ጭቃና ንፋስ ሳይበቃ፣ ትናንት እጅ ይነሳኝ የነበረው ብሎኬት ጫኝ ሁሉ «ሹፌሩ፣ በሩን ንዳው እንጂ!» እያለኝ ሲያልፍ ሁለት ክረምት ቻልኩ።

በቦታዬ የተቀጠረው ሰውዬ ለቆ ሲሄድ ሥራ አስኪያጇ እትዬ አምሳለ አስጠሩኝ።

«አንተ ዱጉማ፣ ነገ ደብዳቤህን ጽፌ ወደ መሪህ እመልስሃለሁ። ጋቢና ካንተ ጎን ካልተቀመጥኩ መንገዱም አይጥመኝም» አሉኝ።

በማግስቱ ደብዳቤው አልወጣም። ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገብቶበት፣ ኤልዳድ የሚባለው ባለሙያ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጭኖት ነበር። ከዚያ ወዲህ ፕሪንተሩ ዶሮ የጫረው የመሰለ ነገር ብቻ ይተፋል። አላስችል ቢለኝ የቢሮው መስኮት ሥር ሄጄ ቆምኩ።

«ችግሩ ድራይቨሩ ነው» ይላል ኤልዳድ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ይሄን ማስወጣት ነዋ። የማይሆን ድራይቨር ይዘው ሲያስቸግርዎት ይኖራል።»

«እንግዲያው አስወጣዋ! ምን ትጠብቃለህ?» አሉ እትዬ አምሳለ።

ድራይቨር ማለት ሹፌር መሆኑን ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ሰው አይስተውም። በሩን በርግጄ ገባሁ።

«አንቺ ሴትዮ!» አልኳቸው፤ እርስዎ ማለቱ የት እንደገባ እንጃ። «ሲያሻሽ የምታስወጪኝ፣ ሲያሻሽ የምታስገቢኝ ዕቃሽ ነኝ? ባልሽስ ጥሎሽ የጠፋው ወዶ መሰለሽ?»

እትዬ አምሳለ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ኤልዳድ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ ድራይቨር እኮ ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ነው። ዊንዶውሱ ውስጥ ያገኘሁትን ባስገባ አልሆነም። ዋናው በፍሎፒ ዲስክ ከፕሪንተሩ ጋር ካርቶን ውስጥ ይመጣል። ካርቶኑን አይተውታል?»

ካርቶኑን? ዘበኛ ቤት ጨርቅ ጠቅጥቄ የምቀመጥበት እሱ አይደል! ሄጄ ጨርቁን ዘረገፍኩት። ፍሎፒው ከነላስቲኩ ከሥር ተገኘ። አቧራውን በእጅጌዬ ጠርጌ ይዤው ተመለስኩ።

«ሹፌር ሹፌሩ ላይ ተቀምጦ!» አለ ኤልዳድ ሲቀበለኝ። የሳቀ ግን እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም ቶሎ ተወው።

የማይሆነውን አውጥቶ ዋናውን ጫነ። ፕሪንተሩ እየተንጫጫ አንድ ወረቀት አወጣ፤ ፊደሉ ጥርት ያለ። የኔው ደብዳቤ ነበር።

እትዬ አምሳለ ፈረሙበት። ምነው ቀደው በጣሉት! የመኪናውን ቁልፍም በእጄ አልሰጡኝም፤ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጡት።

«ብስራተ ገብርኤል ያድርሱኝ፣ አቶ ዱጉማ።»

እርስዎ አሉኝ።

የጋቢናውን በር ከፍቼ ቆምኩ። እሳቸው የኋላውን ራሳቸው ከፍተው ገቡ።

ሁለት ክረምት የተመኘሁትን መሪ ጨበጥኩ። ከመነሳቴ በፊት ግን የኋላ ማሳያውን መስታወት ወደ ጣሪያው አዞርኩት።