የሙሽራው እናት ቀሚስ

ልብስ ሰፊዋ ሰው አገር የሄደችው ለአሥር ቀን ነበር። የስፌት መኪና የሚሸጥላት ድርጅት፣ አዲስ የጥልፍ መኪና አምጥቶ ደንበኞቹን ላሠልጥን ብሎ ሲጠራ እሷም ተጠራች። ስድስት የስፌት መኪና ያለው የራሷ የልብስ ስፌት ቤት አላት። ዕድሜዋ አርባ አምስት ደርሷል፤ ፀጉሯ ከፊት በኩል ሸብቷል፣ ዓይኗም ያለ መነጽር ክር በመርፌ ማሾለክ ከተወ ቆይቷል። እሑድ ሥልጠና ስለሌለ፣ "ከተማውን ሳላይ ልመለስ እንዴ" ብላ ወንዙን ለማየት ከሆቴሏ ወጣችና ባቡር ጣቢያ ገባች።

ድምፁን የሰማችው ከትኬት መሸጫው አጠገብ ነው።

"ወይ ጣጣ፣ አሁን ይኼን ሰውዬ ማን ያናግርልኛል?" የሚል የሴት ድምፅ፣ በገዛ ቋንቋዋ።

ሰው አገር ላይ የራስን ቋንቋ መስማት ዘመድ እንደማግኘት ነው ይባላል። እሷን ግን ጀርባዋን ቀዘቀዛት። ፊቱን ሳታይ ድምፁን አውቃዋለች፤ ሃያ ሁለት ዓመት በጆሮዋ ሲያቃጭል የኖረ ድምፅ ነው። ዞር ብላ አየች። አርጅታለች፣ ወፍራለችም፤ ግን ራሷ ናት። እትዬ መቀስ።

መቀስ የልብስ ፋብሪካው ሠራተኞች ያወጡላት ስም ነው። የስፌት ክፍሉ ኃላፊ እሷ ነበረች፤ አፏም እጇም ይቆርጣል ለማለት ነው እንዲያ ያሏት። ልብስ ሰፊዋ ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። አንድ ቀን በመጋዘኑ ጓሮ ስታልፍ፣ መቀስ አንድ ጣቃ የሐር ጨርቅ የቤት መኪናዋ ውስጥ ስትከት አገኘቻት። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ አለፈች፣ ለማንም አልተነፈሰችም። በሦስተኛው ቀን ማታ መውጫ ላይ፣ ሁለት ፈረቃ በር ላይ ተሰልፎ ሳለ፣ መቀስ የልጅቷን ቦርሳ ተቀብላ መሬት ላይ ዘረገፈችው። ከምሳ ዕቃዋና ከማበጠሪያዋ ጋር የዚያው ሐር ቁራጭ ወደቀ። ማን እንደከተተው የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

"ጣቃውም የት እንደገባ አሁን ገባን" አለች መቀስ፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ።

ሥራውስ ይሂድ፤ ሥራ ይገኛል። አባቷን ግን ምን ታድርገው። አባቷ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር፤ በሠላሳ ዓመት አንዲት ጠመኔ ቤቱ ይዞ ገብቶ የማያውቅ ሰው። "እኔ ሌባ አልወለድኩም" አለ። ማለች፣ ተገዘተች፣ እግሩ ላይ ወደቀች፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ከእጇ ውሃ አልተቀበለም። ከአራት ዓመት በኋላ ሊሞት ሲያጣጥርም ለታላቅ እህቷ የተናገረው የመጨረሻ ነገር፣ "ያቺ ልጅ አልጋዬ አጠገብ እንዳትደርስ" የሚል ነው። በር ላይ ቆማ በጆሮዋ ሰማችው።

አሁን መቀስ አረንጓዴ የሐር ቀሚስ ለብሳ፣ በአንድ እጇ አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት፣ በሌላው የሞተ ስልክ ይዛ መጣችባት።

"የኔ እናት፣ ያገሬ ሰው ትመስይኛለሽ" አለቻት።

"ነኝ። ወዴት ነው የሚሄዱት?"

"ተባረኪ። ዛሬ የልጄ ሠርግ ነው። ጓደኛው ከሆቴል ሊወስደኝ ነበር፤ ቢዘገይብኝ፣ እግር የለኝም ወይ ብዬ ወጣሁ። ይኸው እንዲህ ቀረሁ።"

አላወቀቻትም። ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን አየች። አዳራሹ በቀዩ መስመር አምስተኛው ፌርማታ ላይ ነው። በሰማያዊው ብሰድዳትስ አለች በልቧ፤ መጨረሻው ከከተማ ውጭ ነው፣ ሠርጉ አልቆ ሰው እስኪበተን አትመለስም። ጣቷን ወደ ሰማያዊው ስታነሳ ግን መቀስ ክንዷን ጭምድድ አድርጋ ያዘቻት።

"ብቻዬን አልሄድም። ካላደረስሽኝ እዚሁ እቀመጣለሁ።"

ቀዩን ያዙ። ሲገቡ በሩ ሊዘጋ ሲል መቀስ ዘላ ገባች፤ የቦርሳዋ ማንጠልጠያ በሩ ላይ ተያዘባትና በኃይል ስትጎትተው የቀሚሱ ጎን ከብብቷ እስከ ወገቧ ተተረተረ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞር አለ። መቀስ ነጣች።

"ጉድ ሆንኩ። ሁለት መቶ ሰው ፊት ነው የምቆመው።"

"አይዞዎት" አለቻት ልብስ ሰፊዋ። "እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ።"

መርፌና ክር ከቦርሳዋ ተለይቶ አያውቅም። ጥግ አስቀመጠቻት፣ የራሷን ሻርፕ ጋረደችላት፣ "እጅዎን ከፍ ያድርጉ" ብላ ሥራዋን ጀመረች። ግራኝ ናት፤ በግራ እጇ ነው የምትሰፋው። እጅ ሲለምድ ልብን አይጠይቅም፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ስፌቶች አጥብቃ ወጋቻቸው።

መቀስ ግን አፏ አላርፍ አላት። "ሙያሽ ያምራል። እኔም እኮ የዚሁ ሙያ ሰው ነኝ። ስድስት መቶ ሴት በእጄ ሳስተዳድር ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። እጀ ረጅም አላስቀምጥም ነበር። አንዷን ፈረቃው ፊት ቦርሳዋን ዘርግፌ ካዋረድኳት ወዲህ፣ ከክፍሌ መርፌ ጠፍቶ አያውቅም።"

"ማን ነበረች?" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ቀና ሳትል።

"ስሟን ማን ያስታውሰዋል። አንዲት ድሃ ቢጤ ናት።"

መርፌው ትንሽ ቆመ። ከዚያ በኋላ ግን ስፌቱ ሌላ ሆነ። ሰፋ ሰፋ እያደረገች፣ ደንበኛ ልብሱን ሲለካ ብቻ እንዲይዝ እንደሚጣለው ጊዜያዊ ስፌት አድርጋ ወረደች። ጫፉንም አልቋጨችውም። ቆመው ለሚያወሩበት ይበቃል፤ እጅ የተነሳ ለት ግን እንደ ጎመን ቅጠል ይተረተራል።

አዳራሹ በር ላይ ሙሽራው ራሱ ሮጦ ወጣ። ረጅም፣ ፈገግታው ፊቱን የሞላው ልጅ ነው። እናቱን አቀፈ፣ ማን እንዳደረሳት ሲሰማም ልብስ ሰፊዋን ሁለት እጇን ይዞ ሳማት።

"እርስዎ ባይኖሩ ዛሬ እናት የሌለው ሙሽራ ነበርኩ። የትም አይሄዱም፣ ከፊት ነው የሚቀመጡት። እማዬ፣ አንቺ ስንገባ መሀል ላይ ቆመሽ እጅሽን ዘርግተሽ ትመርቂናለሽ። ፎቶ አንሺውም የሚጠብቀው ያንን ነው።"

ልብስ ሰፊዋ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ሁሉ ነገር በደንብ ከሚታይበት ቦታ ተቀመጠች። እግሯን አጣጥፋ የቀረበላትን ጭማቂ ጠጣች። ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንዲህ ጣፍጧት የጠጣችው ነገር ትዝ አላላትም።

ጭማቂውን ሳትጨርስ አንዲት ልጅ መጥታ፣ "የሙሽራው እናት ይፈልጉዎታል" አለቻት።

ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ መስታወት፣ ሁለት ወንበርና የአበባ ካርቶኖች አሉ። መቀስ መስታወቱ ፊት ቆማ፣ ጣቷን በቀሚሱ ጎን ሰድዳ ስፌቱን ትዳስሳለች። ፊቷ ሌላ ሰው ሆኗል።

"በሩን ዝጊው" አለች። "ስፌት ስፈትሽ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ይኼ የሚይዝ ስፌት አይደለም። ደግሞ ወደ ግራ ተጋድሟል። በእኔ ክፍል ግራኝ የነበረችው አንዲት ብቻ ናት።"

"ስሟን ግን ማን ያስታውሰዋል" አለች ልብስ ሰፊዋ።

መቀስ ወንበሩን ተደገፈች። "ጥቂት ደቂቃ ነው የቀረኝ። ስፊልኝ። ለምኜሻለሁ።"

"እሰፋለሁ። መጀመሪያ ልጅሽን ጥሪው።" እርስዎ ማለቷን የተወችው ያኔ ነው።

"ምን ልበለው?"

"ጣቃው የት እንደገባ ንገሪው።"

"ዛሬ? በሠርጉ ቀን?"

"ለእኔ ቀን መርጠሽልኝ ነበር? ካልፈለግሽ ይቅር፤ እንዲሁ ውጪና እጅሽን ዘርጊ።"

"ብትናገሪብኝ የምባረረው እኔ ነበርኩ። ልጄ ትንሽ ነበር፣ አባቱም ጥሎኝ ሄዶ ነበር።"

"አልተናገርኩም ነበር።"

"ትናገሪያለሽ ብዬ ፈራሁ።"

"አባቴ ሌባ እንዳለኝ ሞተ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ልጅሽን ጥሪው።"

ሙሽራው እየሳቀ ገባ፤ የሁለቱን ፊት ሲያይ ሳቁ ጠፋ። መቀስ ቀደም ብላ ጀመረች።

"ልጄ፣ እኚህ ሴትዮ ድሮ እኔ ጋ ይሠሩ ነበር። የሆነ ስህተት ተፈጥሮ..."

ልብስ ሰፊዋ ከኋላዋ ቆማ፣ ያልተቋጨውን የክር ጫፍ ያዘችና ሳብ አደረገችው። አንድ ስፌት ተመዘዘ።

"አለመግባባት ነበር" አለች መቀስ።

ሁለተኛው ተመዘዘ። ወገቧ አጠገብ ነፋስ ሲገባ ተሰማት መሰለኝ፣ ክንዷን ጎኗ ላይ ለጥፋ ያዘችና ዓይኗን ጨፈነች።

"ጣቃ ሰርቄ ነበር። አየችኝ። ሦስት ቀን ጠብቄ፣ ቁራጩን ቦርሳዋ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ሌባ አሰኝቼ አስባረርኳት። አባቷም ሌባ እንዳላት ሞተ።"

"ያ ሐር ሳሎናችን የነበረው መጋረጃ ነው?" አለ ልጁ።

እናቱ አዎ በሚል ራሷን ነቀነቀች።

"እንግዳ በመጣ ቁጥር አባቴ ያወረሱኝ ነው ትይ ነበር እኮ" አለና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ከዚያ፣ "እርስዎን ምን ላድርግልዎ?" አለ፣ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሳይዞር።

"ምንም። አንተ እንድታውቅ ነበር የፈለግኩት።"

ቃሏ ቃል ነውና አዲስ ክር በመርፌው አሾለከች። የቀድሞውን ሁሉ መዛ ጣለችና አጥብቃ፣ ደርባ፣ በገበሩ በኩል ሳይቀር አስይዛ ሰፋችው። መቀስ እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል፤ የሚጠርግላት የለም። ልጁ እስከ መጨረሻው ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

"ይቅር በይኝ" አለች መቀስ።

"አልልሽም" አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "ጨርሻለሁ። ውጪ።"

እሷ ግን ወደ ሦስተኛው ረድፍ አልተመለሰችም። ሻርፗን አንስታ በጓሮ በር ወጣች። ከኋላዋ ጭብጨባ ሰማች፤ እናትየው እጇን የዘረጋች ጊዜ ይሆናል። ስፌቱ እንደሚይዝ አትጠራጠርም።

ወንዙ ዳር እስክትደርስ አልተቀመጠችም። አንድ አግዳሚ ወንበር አግኝታ ለታላቅ እህቷ ደወለች፣ ከሀ እስከ ፐ ነገረቻት።

"ለምን ሰፋሽላት?" አለች እህትየው።

"እሰፋለሁ ብያት ነበር።"

"እኔ ብሆን እዚያው አዳራሹ መሀል ላይ አስቀራት ነበር።"

"አውቃለሁ። አንቺ መርፌ መያዝ አትችይም እንጂ።"

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ አልቆም አለ፤ በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች ዞር እያሉ እስኪያዩዋት ድረስ ሳቀች። ከዚያ እህትየው፣ "ልጁ አሳዘነኝ" አለች።

"እኔንም" አለች ልብስ ሰፊዋ። እውነቷን ነው፤ ከቀኑ ሁሉ ያልተስማማት ያ የልጁ ጀርባ ብቻ ነው። "ግን አልጸጸተኝም። አክስታችን አሁንም ሌባ ትለኛለች?"

"ባለፈው ሳምንት እንኳ ብላሻለች።"

"በይ ዛሬውኑ ሂጂና ንገሪያት። ጎረቤቶቹም ባሉበት። ጮክ ብለሽ ንገሪያት፣ ጆሮዋ ደክሟል።"

"ጫማዬን እያደረግኩ ነው" አለች እህቷ።