ሙሚና ይዛው የሄደችው ማሽላ

ኑርሁሴን እህቱን ለመጨረሻ ጊዜ ያያት በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው። እሱ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነበር፤ ሙሚና ለትዳር ደርሳለች። እናታቸው የቀረችውን የዘር ማሽላ ለሁለት ከፍላ፣ ግማሿን በሙሚና ሻሽ ጫፍ ቋጠረችና እህል ይታደላል ወደተባለበት መጠለያ ላከቻት።

«ከሁለት አንዳችን ዝናብ ላይ እንደርስ ይሆናል» አለቻት።

ሙሚና አልተመለሰችም። ሰፋሪ ወደ ምዕራብ በሚጭነው መኪና ተወሰደች የሚል ወሬ ብቻ መጣ። ቤት የቀረችውንም ዘር ረሃቡ በላት። ኋላ ዝናቡ ሲመለስ ከሚሴ ዙሪያ ሌላ ማሽላ ተዘራ፤ ያ የእናታቸው፣ ጭንቅላቱ እንደ ቡጢ ጥቅጥቅ ያለው ቀይ ማሽላ ግን ከአካባቢው ጠፋ።

መንግሥት ሲለወጥ ሰፋሪው እየተንጠባጠበ ወደ ወሎ ይመለስ ጀመር። ኑርሁሴን ከሚሴ መናኸሪያ ቆሞ ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሁሉ «ሙሚና የምትባል አታውቁም?» እያለ ጠየቀ። የሚያውቃት ጠፋ። ተስፋ ሲቆርጥ ደካማ እናቱን ይዞ ለቀን ሥራ ባቲ ወረደ፤ ዓመት ያህል ጨው ተሸክሞ ተመለሰ። እናቱ የሙሚናን ስም እየጠራች ሞተች።

ከዚያ አገባ፣ ወለደ። የመጀመሪያ ልጁ ዘሊካ ተምራ የሰብል ማሻሻል ተመራማሪ ሆነች፤ ሥራዋ የማሽላን ዘረ መል እያነጻጸሩ ድርቅ የሚችል ዝርያ ማውጣት ነው። ለበዓል በመጣች ቁጥር ሥራዋን ስታስረዳው ያዳምጥና፣ «ሰው የሚፈልግ መሣሪያስ የላችሁም?» ይላታል። የሚቀልድ ይመስላታል እንጂ አይቀልድም ነበር።

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓ.ም. ዘሊካ ከአገሩ ዳርቻ ሁሉ የመጡ ማሽላዎችን ዝምድና ስትመረምር አንዱ ናሙና አስቸገራት። የተሰበሰበው ከምዕራብ፣ ሰፋሪ ከተወሰደበት ከደዴሳ ሸለቆ ነው። ዘረ መሉ ግን ከጎረቤቶቹ ይልቅ፣ ከድርቁ በፊት ከከሚሴ ተለቅሞ በዘር ባንክ ብርድ ቤት ከተቀመጠ ማሽላ ጋር ተዛመደ። ዘር ተቀያይሮ ይሆናል ብላ ከሌላ ፍሬ ደግማ ሠራችው። ያው ነው። ከአካባቢው ማሽላ የተቀላቀለበት ቢሆንም አብዛኛው የከሚሴ ነው።

ለአባቷ ነገረችው።

«ሰው ሳይዘው ማሽላ በእግሩ ደዴሳ ይሄዳል?»

«አባ፣ ከከሚሴ የሄደው ሰው ብዙ ነው እኮ። እሷ ላትሆን ትችላለች።»

«እሷን ባናገኝ የሚያውቃት እናገኛለን። ተነሽ።»

ኅዳር ላይ ሄዱ። ናሙናው ከተሰበሰበበት የሰፈራ መንደር ሲደርሱ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። ጭንቅላቱ እሱ እንደሚያውቀው ጥቅጥቅ ሳይሆን ዝርዝር፣ እንደ መጥረጊያ የተበተነ ነበር። ኑርሁሴን ቅር አለው። ማማ ላይ ወፍ የምትጠብቀውን ሴት «ይህን ምን ትሉታላችሁ?» አላት።

«ቦርከና።»

«ቦርከና እኮ ወንዝ ነው፤ እኛ አገር!»

«እኔ አላውቀውም። እናቴ ናት ያወጣችለት» አለች፤ ወርዳም ወደ ቤት መራቻቸው።

ሙሚና ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ልጅ ሆኖ የተለየችው ወንድሟ ሽበታም ሆኖ ቢቆምባት አላወቀችውም። ስሙን ሲነግራት እጇን ወደ ፊቱ ሰደደች፤ ጉንጩን፣ ጆሮውን ዳበሰችው።

«ያ ረቢ! ሞታችኋል ብለውኝ!»

«ማን?»

«መጥቼ ነበር እኮ። መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ። ቤቱ ባዶ ነው፣ ሣር በቅሎበታል። መንገድ ላይ ያገኘሁት ሰው ሁሉም አልቀዋል አለኝ። ልጆቼን እዚህ ጥዬ ነበርና ተመለስኩ።»

ኑርሁሴን መሬት ላይ ቁጭ አለ። «እቴ፣ ባቲ ነበርን» አለ። «እማም አብራኝ ነበረች።»

ሙሚና ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች።

ሳምንት አብረው ሰነበቱ። ሲለያዩ አብራው እንድትመለስ ለመናት። «እዚህ የቀበርኳቸው ልጆች አሉኝ» አለችው። «ይልቅ ይህን ዝራልኝ» ብላ የማሽላ ዘር በከረጢት ሰጠችው።

ኑርሁሴን በተከታዩ ክረምት ዘራው። አማረ፣ ረዘመ፤ መስከረም ላይ ዝናቡ ሲቆም ግን ገና አረንጓዴ ነበር። ሳያዘረዝር ደረቀ። ዘሊካ አገዳውን እያገላበጠች አስረዳችው፤ እዚያ ዝናቡ ረጅም ነው፤ በየዓመቱ እርጥበት ጭንቅላቱን የማያሻግተውን፣ ዝርዝሩን እየመረጡ ዘሩ፤ ከጎረቤት ማሽላም ተዳቀለ፤ ስለዚህ መዘግየትን ለምዷል።

«አገሩን ረሳ በይኛ» አላት።

«ሁሉን አልረሳም፤ አቀንጭራን የሚቋቋምበት ዘረ መል ያው የከሚሴው ነው» አለችው። ያ የማሽላን ሥር የሚመጥ አረም የከሚሴን ማሳ እየጨረሰ ነበርና ዘሊካ የሙሚናን ዘር ቶሎ ከሚደርስ ዝርያ ጋር አዳቀለችው። በየዓመቱ አብዛኛው ተጣለ። በስተመጨረሻ ጥቂቶቹ፣ አጠር ያሉ ቀዮች፣ ዝናቡ ሳይቆም አፈሩ።

ኑርሁሴን ሊያያቸው መጣ። በመደዳዎቹ መሐል እየተዘዋወረ ጭንቅላታቸውን በመዳፉ መዘነ።

«ለገበሬ መቼ ይደርሳል?»

«ገና ብዙ ሙከራ ይቀረዋል፣ አባ።»

«ሙሚና ትደርስበታለች?»

መልሷን አልጠበቀም። ስልኩን አውጥቶ ወደ ደዴሳ ደወለ፤ መስመሩ ይቆራረጣል።

«አካም ጂርታ፣ እንዴት ነሽ እቴ! አፍርቷል! አዎ፣ አፍርቷል!... ምን? አይሰማም!»

የተሻለ መስመር ፍለጋ እየጮኸ በማሽላው መሐል ወደ ከፍታው ወጣ።